መሳቢያ የሌለው ድንጋይ

ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ድንጋይ አጸዳለሁ።
ሱሐር፣ ከዓሣ ተራው ጀርባ፣ አንድ ቤት አውቃለሁ፤
አውቃለሁ ማለቴ፣ እሠራበታለሁ።
ጌታው ዶክተር ኸልፋን፣ መዳብ ፍለጋ ተራራ ሲበሳ የኖረ፣
ጡረታ ሲወጣ ተራራውን ቆርሶ፣ በዘጠኝ መሳቢያ ያሳደረ።

«በደረቁ ጥረጊ» ይላል፣ «ይኼ ውሃ ካየ ይሞታል።»
ጨው ነው፤ የጨውን ነገር ለእኔ ማን ይነግራል?
ግን በመዶሻ ጫፍ ነካ አደረገው፦ ሳጥን ነው፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ፤
ደግሞ ነካው፦ ሳጥን፤ ደግሞ፦ እያነሰ ሳጥን እንዳለ።
ስንቱን ወጥ ሳጣፍጥ ኖሬ፣
ይኼን ሁሉ ቤት በትኛለሁ፣ በጣቴ ቆንጥሬ።

ሁለት ጥያቄ አለው፣ ድንጋይ ሁሉ የሚመልሰው፦
«ከምን ተሠራህ?» ብሎ ይጀምራል፣ እንደ ዳኛ ሲያፋጥጠው፤
«እንዴትስ ቆምህ?» ብሎ ይጨርሳል።
ከድኝ ጋር የተጋባ ብረት፣ ወርቅ መስሎ ቢያታልል፣ ሁለተኛው ውስጥ ይገባል፤
ጨው ሦስተኛው፤ ኦክስጅን ይዞት እንደ ዝገት የቀላው፣ አራተኛው፤
ኖራው አምስተኛው፤
ከጠረፉ ማዶ ጨዋማው ረግረግ፣ ፀሐይ እየመጠጠችው ያበቀለው
የአሸዋ ጽጌረዳ፣ ሰባት ነው ቁጥሩ፤
ሲሊኬት ግን፣ እንደ ባላገር ዘመድ፣ በዝቶ ዘሩ፣
ዘጠነኛው አልበቃው ብሎ፣
ወለሉ ላይ የሙዝ ካርቶን ተጨመረለት፣ አፉ በፕላስተር ታሽጎ።

አንድ ቀን ከአባቱ የቀረ የዕንቁ ዛጎልና አንድ ነጭ ድንጋይ
ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ «በምን ይለያያሉ?» አለኝ፣ ልቤን ሊያይ።
አሲድ አንጠባጠበ፤ ሁለቱም ፈሉ፣ እንደ ጉሽ ጠላ።
«ሥጋቸው አንድ ነው» አለ፤ «ካልሲየም፣ ካርቦን፣ ኦክስጅን ሦስት እጅ፤
አቋቋማቸው ነው የተለየው እንጂ።
ይኼ ካልሳይት ይባላል፤ ያኛው አራጎናይት።»
ጨርቄን አጣጠፍኩ።
በፓስፖርቴ ዘሃራ ነኝ፣ ዕድሜዬም ሰባት ዓመት የጨመረ፤
ማንጠግቦሽ የሚለው፣ ደሴ፣ ደላላው እጅ ላይ ቀረ።
መታወቂያዬም እንደ ዶክተሩ ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቃል፦
ዜግነት። ሙያ። «የቤት ሠራተኛ» ይላል።

ታዲያ አንድ ሐሙስ፣ ከቀሚሴ ጠርዝ ሰፍቼ ያመጣኋትን፣
ወንድሜ አዛናው ከደላንታ ገደል ሆድ ገብቶ የፈለፈላትን፣
ከገበያ የተረፈች፣ የበቆሎ ፍሬ የምታህል ስባሪ፣
ክሩን በጥርሴ ተርትሬ አወጣሁና
«ይችንስ?» አልኩት።

ሌንሱን ዓይኑ ላይ ደገነ። ዝም አለ።
መሳቢያውን አንድ በአንድ ከፈተ፤ ዘጋ፤ ደግሞ ከፈተ።
«ከምን ተሠራች? ሲሊካና ውሃ፤ ይኼ አያከራክርም።
እንዴት ቆመች? … አልቆመችም።
አተሟ ረድፍ አይዝም፤ ክሪስታል የላትም፤
ማዕድን ትመስላለች እንጂ፣ ማዕድን አትባልም።»

«እሳቱስ?» አልኩት። «ቀዩስ? አረንጓዴውስ?»
ሳቀ፣ ከገባሁ ወዲህ የመጀመሪያው።
«እሱ ሌላ ነው። ከአተም የሚበልጡ፣ ዓይን የማያያቸው ድብልብሎች፣
እንደ ብርቱካን ሻጭ ክምር ተደርድረው፣
እነሱ ናቸው ብርሃኑን የሚሰብሩት።
ረድፍስ አላት፤ በእኔ መሳቢያ ልክ አይደለም እንጂ።»

«ሽጪልኝ» አለ፣ ካርድና እስክሪብቶ አዘጋጅቶ።
«ከካርቶኑ ጋር፣ ወለል ላይ?» አልኩት። አልመለሰም።
«ቆይ» ብሎ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣላት፤
እሳቷ ጠፋ፤ መስታወት ሆነች፤ ማዶው ታየባት።
«ውሃ ትጠጣለች» አለ። «ስትደርቅ ትመለሳለች፤ ታገሺያት።»

ዓርብ ምንም።
ቅዳሜ፣ ኤሲው ሥር፣ ትራሴ ላይ፣ ወተት የመሰለ ጭጋግ።
እሑድ ሌሊት፣ የእቃ ማጠቢያው ውሃ ከእጄ ሳይደርቅ፣
በስልኬ መብራት አየኋት፦
ከጥጓ አንድ አረንጓዴ ነቅቶ
ቀዩን ይቀሰቅሳል።